200 ካሬ ላይ ምን ይሠራ? ባለ ቆርቆሮ ቪላ፣ በሶሌታ የተከደነ ቤት ወይስ ጂ+1

200 ካሬ ቦታ ይዘው ፕላን ለማሠራት የሚሄዱ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት መኝታ እንደሚወጣው ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ግን ቤቱ ወደ ጎን ይሂድ ወይስ ወደ ላይ የሚለው ነው። የመሠረቱ ቁፋሮ፣ የኮለኑ (የአርማታ ምሰሶው) ውፍረት፣ የሴፕቲክ ታንኩ ቦታ፣ የሚገዛው ፌሮና ሲሚንቶ ሁሉ የሚከተለው ይህን መልስ ነው።

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው በቆርቆሮ የሚከደን ቪላ፣ ሁለተኛው ምድሩን ሠርቶ በሶሌታ፣ ማለትም በአርማታ ጠፍጣፋ ክዳን፣ መዝጋትና ፎቁን ለወደፊት ማቆየት፣ ሦስተኛው ጂ+1ን (ምድርና አንድ ፎቅ) በአንድ ጊዜ መጨረስ።

ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር የሆነ ቦታ ላይ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና ሦስት መኝታ የሚፈልግ ቤተሰብ እንውሰድ። በአንድ ጎን 2 ሜትር ለብርሃንና ለአየር ይተዋል፤ አዋሳኝ ላይ የተጠጋ ግድግዳ መስኮት አይፈቀድለትምና።

| | ቪላ | ጂ+1 |
|---|---|---|
| የወለል ልክ | 8 በ15 ሜትር | 8 በ9 ሜትር |
| የሚይዘው መሬት | 120 ካሬ | 72 ካሬ |
| ጠቅላላ ወለል | 120 ካሬ | 144 ካሬ |
| ፉቲንግ (የኮለን መሠረት) | 15 | 9 |
| የግሬድ ቢም (ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘው ቢም) ርዝመት | 85 ሜትር | 51 ሜትር |
| 25 ሳንቲ ሜትር ሃርድኮር (ከወለሉ ሥር የሚነጠፍ ድንጋይ) | 30 ሜትር ኩብ | 18 ሜትር ኩብ |
| ክፍት የሚቀር ግቢ | 80 ካሬ | 128 ካሬ |

የቪላው ትልቁ ችግር ያለው መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። 15 ሜትር የሚረዝም ቤት ፊት ለፊት 5 ሜትር ብቻ ያስቀራል። መኪናው፣ ሴፕቲክ ታንኩ፣ የውኃ ታንከሩ፣ እንጀራ መጋገሪያው ሁሉ እዚያችው ላይ ይጨናነቃሉ። ጂ+1ው ግን 11 ሜትር ስለሚተው ፊት ለፊት 5፣ ከኋላ 6 ሜትር አድርጎ መክፈል ይቻላል። ሴፕቲኩን ከፊት ማድረግ ይሻላል፤ የመምጠጫ ቦቴው ቱቦ በሳሎን በኩል እንዳያልፍ።

ጂ+1 የሚያስከፍለው ደግሞ ደረጃው ነው። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ 17 ሳንቲ ሜትር የሚነሣ 18 እርከን ያስፈልጋል። መሐል ላይ የሚታጠፍ ደረጃ በ30 ሳንቲ ሜትር መርገጫና በ1.10 ሜትር ስፋት ሲሠራ 3.60 በ2.30 ሜትር፣ ማለትም 8.3 ካሬ ያህል ይበላል፤ በሁለቱ ወለል 16.6። ከ144ቱ የሚቀረው 127 ካሬ ገደማ ስለሆነ ከቪላው አያንስም። ይህን ቦታ ለመቆጠብ እርከኑን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ማስነሣት ግን ለአረጋውያንና ለሕፃናት በየቀኑ አደጋ ነው፤ በፍጹም አይስማሙ።

አፈሩ

ቦታው ዋልካ ከሆነ ሚዛኑ ይበልጥ ወደ ጂ+1 ያደላል። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቀላል ቤት እብጠቱን የሚጫን ክብደት ስለሌለው ከከባዱ ይልቅ ይጎዳል፤ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርደው ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነው። ጥቁሩን አፈር ከወለሉ ሥር አውጥቶ በገረጋንቲ (በማያብጥ የተመረጠ ሙሌት) መተካት የግድ ሲሆን፣ 120 ካሬ መተካትና 72 ካሬ መተካት በጣም ይለያያል። ከፕላኑ በፊት በቦታው ሁለት ማዕዘን ላይ እስከ 3 ሜትር ያስቆፍሩና ባለሙያው ጠንካራው አፈር የት እንደሚጀምር አይቶ ይጻፍልዎ። ቀይ አፈር ወይም ዐለት ቅርብ ላይ ከተገኘ ይህ ልዩነት ይጠባል፤ ቪላውም ይረክሳል።

ለወደፊት እጨምራለሁ ለሚሉ

ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህን መካከለኛ መንገድ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰውም እዚሁ ላይ ነው። የተለመደው ስሕተት የቪላውን 120 ካሬ እንዳለ በሶሌታ መክደን ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ቢሞች ሳይቆጠሩ 18 ሜትር ኩብ አርማታ ይጠይቃል። ሲ-25 ለሚባለው የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲታሰብ 65 ኩንታል ገደማ ይሆናል። የሚሻለው የጂ+1ውን 72 ካሬ ምድር መሥራት ነው። ሶሌታው ወደ 10.8 ሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶው ወደ 39 ኩንታል ይወርዳል። ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያና አንድ መኝታ ይወጣዋል፤ ሌሎቹን መኝታዎች ፎቁ ያመጣቸዋል።

የስትራክቸር ፕላኑ ከመጀመሪያው የጂ+1 ሆኖ መጽደቅ አለበት። በቪላ ፉቲንግ ላይ ኋላ ፎቅ መጨመር መሠረቱን ያሰምጣል፤ ያን ጊዜ ማጠናከር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ወጪ ነው። የፎቁም ክፍፍል አሁኑኑ ይሳል። 2.8 ሜትር ከፍታ ያለው የ15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ በሁለት ወገን ተለስኖ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ700 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከሥሩ ቢም ሊኖረው ይገባል። በተለይ ሶሌታው ሪብድ ስላብ (በቀጫጭን ቢሞች መካከል ብሎኬት ተደርድሮ የሚሠራ) ከሆነ እንዲህ ያለ ግድግዳ በዘፈቀደ አይቀመጥበትም።

ከሶሌታው በላይ የሚተረፈው የኮለን ፌሮ ቢያንስ የውፍረቱን 50 እጥፍ ይርዘም፤ ለ14 ቁጥር (14 ሚሊ ሜትር) 70፣ ለ16 ቁጥር 80 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ፌሮውን ለቆርቆሮ ብሎ አጥፎ ኋላ ማቅናት ብረቱን ያደክመዋል፤ መቁረጡ ደግሞ ቀጣዩን ፎቅ ያለ ማያያዣ ያስቀረዋል። በሲሚንቶ ውኃ ቀብተው፣ ኋላ በቀላሉ በሚፈርስ ደካማ አርማታ ይሸፍኑት። ባዶውን ከተተወ ይዝጋል፤ ዝናቡም በሥሩ ሠርጎ ኮርኒስዎ ላይ ይወርዳል።

ሶሌታው ራሱ ጣሪያ ሆኖ እንዲቆይ አይተዉት። በቀላል ሞራሌ ላይ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ይምቱበት፤ ፎቁ ሲሠራ ተነቅሎ ከላይ ይመለሳል። ለዚህ 28 ጌጅ ይግዙ። የጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 32ቱ ተነቅሎ ሲመለስ አይተርፍም። ደረጃውንም አሁኑኑ ያስሙሉት፤ ቤተሰቡ ሳይወጣ የፎቁ ሥራ የሚካሄደው ያን ጊዜ ነው።

ግንበኛው ለቀጣይ ሥራ ሲቸኩል ድጋፉን በሳምንት ሊያነሣው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የአርማታ ሥራ ደንብ፣ ኢቢሲኤስ-2፣ ያዘዘው የሶሌታ ድጋፍ 14፣ የቢም ድጋፍ 21 ቀን እንዲቆይ ነበር። አርማታውም ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ።

ምድሩን ሱቅ ለማድረግ ላሰቡ

ፊት ለፊቱን ያለ ግድግዳ ከፍቶ ላዩን በብሎኬት መሙላት ምድሩን መሬት ሲንቀጠቀጥ ቀድሞ የሚጎዳ ደካማ ወለል ያደርገዋል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሡት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል፤ ይህን እንደ ሩቅ ነገር አይዩት። ኢንጂነሩ ሱቁን ከመጀመሪያው ይወቅ፤ ስታፋው (የኮለኑን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) በኮለኑ ጫፎች ላይ እንዲጠጋጋና መንጠቆው ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ያሳይዎት። የሮቶው ቦታም ይነገረው፤ 2,000 ሊትር ውኃ ሁለት ቶን ነው፣ ኮለን ወይም ቢም ላይ እንጂ መሐል ሶሌታ ላይ አይቀመጥም።

የትኛውን?

ቦታዎ ሰፊ፣ አፈሩ ጥሩ ከሆነ፣ ደረጃ የሚከብዳቸው ወላጆችም አብረው የሚኖሩ ከሆነ ቪላው ይበቃል። 200 ካሬና ከዚያ በታች ላይ፣ በተለይ ዋልካ ላይ፣ እስከ ላይኛው ጣሪያ የሚያደርስ ገንዘብ በእጅዎ ካለ ጂ+1ውን በአንዴ ይጨርሱ፤ ልስኑና ቀለሙ ሊቆይ ይችላል። ገንዘቡ እስከ ሶሌታው ብቻ የሚያደርስ ከሆነ 72 ካሬውን ይሥሩ። ቁፋሮውን ጥቅምት ላይ ጀምረው ሰኔ ሳይገባ ይክደኑ፤ የዋልካ ጉድጓድ ክረምት ካገኘው ግድግዳው ይናዳል፣ ታቹም ስለሚላቁጥ እንደገና መቆፈር ይኖርበታል።