«የአባትሽስ እህቶች?» ለምትለው ሲስተር

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ አለች። ስሜን እንዳትጽፉ ስላለችን አንጽፍም፤ የሄደባት ሁሉ ያውቃታል። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ወደ እኛ የምትልካት ሴት ሁሉ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር በእጅ የተሳለ የዘር ሐረግ ይዛ ትመጣለች። ምስጋናችን ለዚያች ወረቀት ነው።

ክብ ለሴት፣ አራት ማዕዘን ለወንድ። የታመመው ይጠቁራል፣ የሞተው ላይ ሰረዝ ይሰመርበታል። ሦስት ትውልድ ይበቃል፤ ለጋብቻ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ሦስት ምን አላት! ከክቡ ሥር የሚጻፈው የታመመችበት ዕድሜ እንጂ የሞተችበት አይደለም። ብዙው ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ38 ታማ በ53 ያረፈች አክስት «53» ተብላ ከተጻፈች ዋናው ፍንጭ ጠፋ፤ ከ50 በፊት መታመም በዘር የሚወርደውን ያስጠረጥራልና። ዕድሜ የሚያውቅ ሲጠፋ ሲስተር «በ77ቱ ድርቅ ስንት ልጅ ነበራት?» ብላ ታሰላዋለች።

አጠያየቋንም ተማሩላት። «ካንሰር ያለበት ዘመድ አለ?» ቢባሉ ከመንዝ የመጡ እናት «ኧረ የለም» ነው የሚሉት። እሷ ግን «ጡቷ ቆስሎ የሞተች አለች እማማ? ሆዷ ውሃ ቋጥሮ የከሳችስ?» ትላለች። ሁለተኛው ጥያቄ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰርን ፍለጋ ነው፤ ከጡቱ ጋር በአንድ ቤት ሲገኝ ጥርጣሬው ይበረታል። የእናት ወገን ሲያልቅ ደግሞ «የአባትሽስ እህቶች?» ትላለች። ለውጥ ሲገባባቸው ለእነዚህ ካንሰሮች የሚያጋልጡት ዘረመሎች (ጂኖች)፣ ብራካ 1 በ17ኛው፣ ብራካ 2 በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ናቸው እንጂ በጾታ ክሮሞዞም ላይ አይደሉም፤ ስለዚህ ለውጡ ያለበት አባት ራሱ ሳይታመም ለልጁ ያወርሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን እናትና ልጅ፣ አክስትና የወንድም ልጅ በካርድ ክፍል አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ይህ ሥዕል ብቻ ነው።

አታስደነግጥምም። ከ100 የጡት ካንሰር በቀጥታ በዘር የሚወርደው ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው። የብራካ ለውጥን የተሸከመች ሴት ግን እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመታመም ዕድሏ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል፤ ሥዕሉ ቢጠቁር እንጂ ባዶ ቢሆን ሁሉም ይመርመር አትልም።

የዘረመል ምርመራው ላይ ገንዘብ የምታወጡ ቤተሰቦች፣ መጀመሪያ የታመመችው ትመርመር። ጤነኛዋ ቀድማ ተመርምራ «የለም» ብትባል፣ ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ለውጥ ካልታወቀ በቀር ነፃ ነሽ ማለት አይደለም። «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤትም ይመጣል፤ የአፍሪካውያን ዘረመል ገና በቂ ስላልተጠና እኛ ዘንድ ይበዛል። በዚያ ውጤት ብቻ ጡት አይቆረጥም።

እሷ ጋ የምትሄዱ እህቶች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለአያቶቻችሁ ደውሉና የታመሙትን ከነዕድሜያቸው ጠይቁ፤ የአባት ወገንም እንዳይረሳ። ሲስተር፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።