አሸዋውን ሩብ ሩቡን ላጸዳልኝ ልጅ

በሰሜን ቨርጂኒያ የኮራል አኳሪየም ላላችሁ ሁሉ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ።

ቤቴ ያለው ገንዳ 75 ጋሎን ነው። ባለፈው መጋቢት አሸዋው ላይ እንደ ስልባቦት ያለ ቀይ ነገር ተነጠፈበት። ሳያኖባክቴሪያ የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የጠራሁት ሰው፣ ስሙ ይቅርና፣ አሸዋውን በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠው። ውሃው ደፍርሶ ጠላ መሰለ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሳሎኑን ሞላው። በማግስቱ ሁለት ዓሦች ሞተው አገኘሁ። ልጄ ስታለቅስ ዋለች።

በዚህ መሀል ነው ጓደኛዬ ይህን ሐበሻ ወጣት የጠቆመኝ። ሥራ ውሎ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደረሰልኝ። ዓሣ የሚመርዘውን አሞኒያ ለካ፣ ውሃ ቀየረ፣ ውሃ የሚያጣራ ከሰል ጨመረ፣ የአየር ፓምፕ አስገባ። አሸዋውን ግን ጫፉንም አልነካም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ፓምፖቹን አጠፋ። የአሸዋ ማጽጃውን ሰፊ ቱቦ አሸዋው ውስጥ ሰካ ያደርጋል፤ አሸዋው እስከ ቱቦው ግማሽ ሲወጣ ከቱቦው ወደ ባልዲው የሚወርደውን ቀጭን ጎማ በሁለት ጣቱ ያንቀዋል። አሸዋው ይመለሳል፣ እድፉ ወደ ባልዲው ይሄዳል። ከፊት ለፊት ሩቡን ሠርቶ ቱቦውን አወጣ።

«ገንዘብ ልጨምርልህና ጨርሰው» አልኩት።

«አይ ጋሼ። ውሃውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች እዚሁ አሸዋ ውስጥ ናቸው። ሌላው ከሁለት ሳምንት በኋላ።»

ከድንጋዩ ጀርባ አሸዋው አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እሱን ጨርሶ አይነካውም። ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቀት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሊጠራቀም ይችላል፣ በአንዴ ከተገለበጠ ዓሣ ይገድላል ብሎ አስረዳኝ። ያ የእንቁላል ሽታ ለካ እሱ ነበር።

ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር አለ። ቆሻሻውን ከመድፋቱ በፊት ባልዲውን በወንፊት አጠለለ፣ በስልኩ መብራትም ፈተሸ። አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ከሚኖሩት ናሳሪየስ ቀንድ አውጣዎች አንዷ ተስባ ገብታ ኖሯል። በጣቱ አንስቶ ቀስ ብሎ አሸዋው ላይ አስቀመጣት። ልጄ አጠገቡ ቆማ ታይ ነበር። ቀንድ አውጣዋ ቱቦ መሳይ አፍንጫዋን አውጥታ እንደገና ስትቀበር ልጄ አጨበጨበች።

የሚተካውን ውሃ በዋዜማው ከባሕር ጨው ጋር በጥብጬ እንዳቆየው አስለምዶኛል፤ የጨው ልኩ (ከንጹህ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) 1.025፣ ሙቀቱም ከገንዳው እኩል። አራት ዙር ከሠራ በኋላ ቀዩ ነገር ጠፋ። ከቆሻሻው ውሃው ውስጥ የሚጠራቀመው ናይትሬትም ከ40 ወደ 10 ወረደ።

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የቅዳሜ ቀጠሮው ቶሎ ስለሚሞላ ቀደም በሉ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ክፉ አይንካህ።