እውቅና ከሌለው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እውቅና ወዳለው ሴሚናሪ፦ የሦስት መንገዶች ንጽጽር

እውቅና በሌለው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሮ እውቅና ወዳለው ሴሚናሪ፣ ማለትም የድኅረ ምረቃ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት፣ ለመሻገር የሚያስብ ሰው በፊቱ ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው በእጁ ያለውን ዲግሪ ይዞ በቀጥታ ለማስተርስ ማመልከት ነው። ሁለተኛው የወሰዳቸውን ኮርሶች እውቅና ወዳለው ኮሌጅ አዛውሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚያ ከጨረሰ በኋላ ሴሚናሪ መግባት ነው። ሦስተኛው ባለበት ቆይቶ አገልግሎቱን በያዘው ወረቀት መቀጠል ነው። ሦስቱም የሚያስከብሩ ምርጫዎች ናቸው፤ የሚለያዩት ተማሪው ነገ ወረቀቱን ለማን እንደሚያቀርብ ሲጠየቅ ነው።

ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን በቅድሚያ እውቅና ስለ ምን እንደሚመሰክር መለየት ያስፈልጋል። እውቅና ሰጪ አካል ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው መምህራኑ ለሚያስተምሩት ትምህርት የሚያበቃ ዝግጅት እንዳላቸው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለደረጃው እንደሚበቃ፣ የገንዘብ አያያዙና አስተዳደሩ ጤናማ መሆኑን፣ ተማሪዎቹም ይማራሉ የተባለውን በእርግጥ መማራቸውን ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱን ገምግሞ ያቀርባል፤ ከሌሎች ተቋማት የተውጣጡ ባለሙያዎች መጥተው ያዩታል፤ ከዓመታት በኋላም ምርመራው ይደገማል። ስለዚህ እውቅና የሌለው ኮሌጅ ሁሉ ደካማ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የግሪክኛውን አዲስ ኪዳን ቃል በቃል እየፈቱ የሚያስተምሩ፣ ተማሪውን በስሙና በችግሩ የሚያውቁ መምህራን በእነዚህ ኮሌጆች ውስጥ አሉ፤ ለእነርሱ ያለኝ አክብሮት ከልብ ነው። ይሁን እንጂ ትጋታቸውን የሚያውቀው በቅርብ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ ኮሌጁን አይቶት የማያውቅ ሬጅስትራር የሚያምነው ገለልተኛ አካል ያረጋገጠውን ነው።

በዚህ ጉዳይ ስም፣ ፈቃድና እውቅና በተደጋጋሚ ሲደባለቁ ይታያል። “ሴሚናሪ” የሚለው ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት አንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ያለ ግዛቱ ማረጋገጫ በዚህ ስም በመጠራቱና ዲግሪ በመስጠቱ 173,000 ዶላር ቀጥቶት ነበር፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ገደቡ ከሃይማኖት ነጻነት ጋር እንደሚጋጭ ወስኖ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ፈቃድም ቢሆን ተቋሙ በሕግ እንዲሠራ መፈቀዱን እንጂ የትምህርቱን ጥራት አያሳይም። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ግን ራሳቸው በማንም ያልተመዘኑ “እውቅና ሰጪዎች” በሚያድሉት ማኅተም ተማምኖ ዓመታቱን የሰጠ ተማሪ ሁኔታ ነው። ስለዚህ “እውቅና አላችሁ?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ “ከማን? እርሱንስ ማን ያውቀዋል?” ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

በአሜሪካና በካናዳ የማስተርስና የዶክትሬት ደረጃ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው መነሻው 1918 እ.ኤ.አ. የሆነው፣ በምሕጻር ኤቲኤስ የሚባለው ማኅበር ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጆችን በዋናነት የሚመዝነው ደግሞ በ1947 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ በምሕጻር ኤቢኤችኢ የሚባለው ማኅበር ነው። በአፍሪካ በምሕጻር አክቲያ የሚባለው ማኅበር፣ በእስያ የእስያ ቲዎሎጂ ማኅበር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። በአሜሪካ ያለ ተቋም ስለ እውቅናው የሚናገረውን ከአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር ወይም ቺአ ከሚባለው ምክር ቤት ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይቻላል። አንድ ኮሌጅ “በሂደት ላይ ነን” ሲል አመልካች መሆኑን ብቻ ሊያመለክት ስለሚችል፣ ደረጃው ተለይቶ ይጠየቅ። እውቅናው ኋላ ቢገኝም ቀድመው የተመረቁትን ብዙውን ጊዜ አይጨምርም።

አሁን ወደ መንገዶቹ እንመለስ። በቀጥታ ለማስተርስ ማመልከት ፈጣኑ ነው። ሴሚናሪዎች በመደበኛነት የሚጠይቁት እውቅና ካለው ተቋም የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ዝግጅት ነው፤ ብዙዎቹም እውቅና ከሌለው ኮሌጅ የመጣውን አመልካች በልዩ ሁኔታ የሚቀበሉበት በር አላቸው። በሩ ግን ጠባብ ነው፦ የጽሑፍ ናሙና፣ የአገልግሎት ልምድ፣ የመምህራን ምስክርነት፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ሴሚስተሮች በተወሰነ አማካይ ነጥብ ማለፍን የሚጠይቅ የሙከራ ቅበላ ሊኖር ይችላል። በኤቲኤስ መስፈርት ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ የሚባለው ለመጋቢነት የሚያዘጋጅ የማስተርስ ዲግሪ ቢያንስ 72 የሴሚስተር ክሬዲት ስለሚፈልግ፣ በሙሉ ጊዜ የሚማር ሰው ሦስት ዓመት ያህል ሊወስድበት ይችላል። በመጻፍና በማንበብ ብቃቱ ለሚተማመንና ዓላማው የመጋቢነት አገልግሎት ለሆነ ጎልማሳ ይህን መንገድ ሳልጠራጠር አስቀድማለሁ።

ጉድለቱ የሚታየው በኋላ ነው፤ ማስተርሱ እውቅና ያለው ቢሆንም ከሥሩ ያለው ዲግሪ አሁንም እውቅና የለውም። ለምሳሌ በአሜሪካ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን፣ በምሕጻር ፒሲዩኤስኤ በምትባለው ዘንድ፣ ለቃልና ለምስጢራት አገልጋይነት የሚቀርብ እጩ በመደበኛው መስፈርት የሚያቀርበው የሴሚናሪውን ብቻ ሳይሆን እውቅና ካለው ኮሌጅ መመረቁን የሚያሳየውንም ትራንስክሪፕት ነው። የዶክትሬት ፕሮግራሞችና የትምህርት ማስረጃን አቻነት የሚገመግሙ መሥሪያ ቤቶችም የማስረጃውን ሰንሰለት ከታች ጀምረው ሊያዩ ይችላሉ።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ተማሪውን የሚያደክመውም እርሱ ነው። በአሜሪካ ሥርዓት የመጀመሪያ ዲግሪ 120 ገደማ የሴሚስተር ክሬዲት ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ በተለምዶ 30 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ እንደ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ታሪክ ያሉ አጠቃላይ ትምህርቶች ናቸው። እውቅና የሌላቸው ኮሌጆች በብዛት የሚያስተምሩት መጽሐፍ ቅዱስን፣ ስብከትንና አገልግሎትን ስለሆነ፣ ተማሪው መቶ ክሬዲት ይዞ ቢመጣ እንኳ አዲሱ ኮሌጅ ለእነዚህ የሚሆን ቦታ ላይኖረው ይችላል። ክሬዲቱ ተቀባይነት ማግኘቱና ዲግሪውን ለመጨረስ መቆጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ አመልካቾች የሚረዱት ከተመዘገቡ በኋላ ነው፤ “በነጻ ምርጫ ተይዞልሃል” የተባለ፣ ማለትም ለየትኛውም ግዴታ ኮርስ ያልተቆጠረ ክሬዲት ከሚቀረው ዓመት ላይ አንድ ቀን እንኳ ላይቀንስ ይችላል።

የሰዓት ስሌቱም ያሳስታል። በሩብ ዓመት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ክሬዲት ከሴሚስተር ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ፣ 90 የሩብ ዓመት ክሬዲት 60 የሴሚስተር ክሬዲት ብቻ ይሆናል። ተቀባዩ ኮሌጅ ከቁጥሩ ባሻገር መምህሩ በምን ዲግሪ እንዳስተማረ፣ ምን መጽሐፍ እንደተነበበና ስንት ገጽ ጽሑፍ እንደተጻፈ ይጠይቃል። ግሪክኛና ዕብራይስጥን የመሰሉ ትምህርቶች እዚህ ላይ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ኮሌጁ የምደባ ፈተና የሚሰጥ ከሆነ ተማሪው ማወቁን በፈተና ማሳየት ይችላል፤ ክሬዲቱ ባይያዝለት እንኳ ከመነሻው ከመድገም ሊድን ይችላል። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚመቸው ወጣት ለሆነና ማስተማርን ወይም ዶክትሬትን ለሚያስብ ተማሪ ነው፤ በተለይም ገና በሁለተኛው ዓመት ላይ ካለ፣ እስኪመረቅ ሳይጠብቅ ቢዛወር የሚያጣው ያነሰ ይሆናል።

ሦስተኛውን መንገድ የምመክረው ቤተ ክርስቲያኑ በራሷ ሥርዓት ለምትሾመውና ወደ ሌላ ተቋም የመሄድ ሐሳብ ለሌለው አገልጋይ ነው። ለእርሱ እውቅና ያለው ዲግሪ የሚጨምረው ጥቂት ሊሆን ይችላል። በሆስፒታል ወይም በሠራዊት ውስጥ በቻፕለንነት፣ ማለትም በተቋሙ መንፈሳዊ አገልጋይነት፣ ለማገልገል ለሚያስብ ግን አልመክረውም፤ የአሜሪካ ጦር ለምሳሌ ከቻፕለን አመልካቾቹ መስፈርቱን ከሚያሟላ ተቋም የተገኘና ቢያንስ 72 የሴሚስተር ክሬዲት ያለው የድኅረ ምረቃ ዲግሪ ይጠይቃል።

ስለ ወጪ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ እውቅና የሌለው ኮሌጅ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚደገሙት ዓመታት በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለባቸው።

መንገዱ የቱም ቢሆን፣ የቀድሞው ኮሌጅ በሩ ክፍት ሳለ መሠራት ያለበት ሥራ አለ። ትናንሽ ኮሌጆች ሲዘጉ መዝገባቸው አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በማኅተም የታሸገ ትራንስክሪፕት ከአንድ ቅጂ በላይ ማውጣት፣ የእያንዳንዱን ኮርስ አውትላይን ከመምህሩ ስምና የትምህርት ደረጃ ጋር መያዝ፣ የታረሙ የጽሑፍ ሥራዎችንም አለመጣል ያስፈልጋል። ከዚያም አዲሱ ተቋም የትኞቹን ክሬዲቶች እንደሚይዝና ለየትኛው መስፈርት እንደሚቆጥራቸው፣ ተማሪው የመመዝገቢያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ በቃል ሳይሆን በሬጅስትራሩ ፊርማ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ።