የአሜሪካ ባቡር፦ አዲስ ሐዲድ መዘርጋት ወይስ ያለውን ማሻሻል?

ከዋሽንግተን ኒውዮርክ በባቡር የሄደ ሰው አሜሪካ ደህና ባቡር አላት ይላል። ከዚያ መስመር ወጣ ሲል ሐሳቡን ይቀይራል። ታዲያ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል?

ወጪ፦ አዲስ ፈጣን መስመር ኪስ ያራቁታል። የካሊፎርኒያው በ2008 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ግምቱ 33 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። በኋላ ከ100 ቢሊዮን አለፈ። በሌላ በኩል፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ሳን ሆሴ የሚሄደው ካልትሬን በ2.4 ቢሊዮን ገደማ ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ተቀየረ፤ ከ2024 ጀምሮ ሰው እየጫነ ነው። ርዝመታቸው ስለማይቀራረብ ዋጋውን ብቻ ማወዳደር ግን ፍትሐዊ አይደለም።

ፍጥነት፦ እዚህ ላይ አዲሱን የሚያክለው የለም።

ራስ ምታት፦ አዲሱ ላይ የመሬት ካሳና የፍርድ ቤት ክርክር። አሮጌው ላይ ባለቤቱ! ዋሽንግተንና ኒውዮርክን ከሚያገናኘው የሰሜን ምሥራቅ መስመር ውጭ፣ የአገሪቱ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት አምትራክ የሚሄድበት ሐዲድ በአብዛኛው የጭነት ባቡር ኩባንያዎች ነው። ሕጉ ቅድሚያ ለመንገደኛ ይላል፤ መንገደኛው ግን ዳር ቆሞ ረጅሙን የጭነት ባቡር ያሳልፋል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ቨርጂኒያ ብልህ መላ አገኘች፦ ሐዲዱን መግዛት። በ2019 ከጭነት ባቡር ኩባንያው ሲኤስኤክስ ጋር ተስማማች። በፖቶማክ ወንዝ ላይ አዲስ የባቡር ድልድይም በዕቅዱ ውስጥ አለ።

ለማን የቱ? በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ለሚፈጁ ትልልቅ ከተሞች አዲሱ ያዋጣል። በየቀኑ ሥራ ለሚመላለስ ግን በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጣ ተራ ባቡር ይሻለዋል።