ርካሹ ማዳበሪያ ውድ ሆነብኝ፦ የደብረ ብርሃን ከሰል ግዢ

የደብረ ብርሃንን ጥቅምት ያላየ ሰው ስለ ብርድ ባያወራ ይሻላል። ጠዋት በር ሲከፈት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል፣ የቧንቧው ውሃ እጅ ይቆርጣል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ምን እንጠብቅ። እኔ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የላትም። የመንዝ ባና ደርቤም ይበርደኛል። ስለዚህ ማታ ማታ ከሰል አያይዛለሁ።

ዘንድሮ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የገዛሁትን ከሰል ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከየት ገዛሁት፣ ስንት ከፈልኩ፣ ስንት ማታ አሞቀኝ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ። የአንድ ማዳበሪያ ከሰል ዋጋ ብቻ እያየሁ ስንት ዓመት እንደተሸወድኩ የገባኝ በዚህ ደብተር ነው።

መጀመሪያ የሰፈሩ ችርቻሮ። አንድ ፌስታል 60 ብር። ሱቁ ከበሬ ሁለት እርምጃ ነው፣ መሽቶም ቢያንኳኩ ይከፈታል፣ በዱቤም ይሰጣሉ፣ በዚህ አላማቸውም። ግን ፌስታሉን ወፍጮ ቤት ወስጄ ሳስመዝነው አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ። ኪሎው 50 ብር መጣ ማለት ነው። ብርዱ ጠንከር ያለ ቀን ደግሞ አንዱ አይበቃም፣ ለሁለተኛው ልጅ ይላካል። ደሞዝ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ቀን ለመሻገር ይሆናል፣ ወሩን ሙሉ ግን አይቻልም።

ከዛ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሌላው ሁሉ ለአንድ ማዳበሪያ ከሺህ በላይ ሲጠራ አንዱ ሻጭ 850 ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፣ እሱም ሳያየኝ አልቀረም።

«ግራር ነው ወንድሜ?»

«ምን ነክቶሽ እህቴ፣ አናቱን እይው እንጂ!»

አናቱን አየሁት። ክንድ የሚያህሉ ከሰሎች በገመድ ተጠልፈው ቁጭ ብለዋል። ሳልከራከር ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ሸራ ላይ ስዘረግፈው ነው ጉዱ የወጣው። አናቱ ላይ ስድስት ሰባት ትልልቅ ግራር፣ መሃሉ ጣት ጣት የሚያህል ባህር ዛፍ፣ ታቹ ብናኝ። ብናኙ ውስጥ አፈር አለ፣ አፈሩ ውስጥ ደግሞ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ፣ ጥላሸት ለብሶ ቁርጥ ከሰል መስሎ። አሁን የበር ማስደገፊያ ሆኗል። ጠቅላላው 24 ኪሎ ነበር፣ ብናኙና ድንጋዩ አምስቱን ያዙት። ከቀረው 19 ኪሎም ውስጥ ጥቂቱ ያልበሰለ ነው፣ ቡናማ ሆኖ እንጨትነቱ ገና ያልለቀቀው፣ ሲያያዝ ቤቱን በጭስ የሚሞላ። ባህር ዛፍ ቶሎ ይያዛል፣ ያንን አልክድም፣ ጀበና ለመጣድ አሪፍ ነው። ግን ይፈነጥቃል፣ ምንጣፌን ሁለት ቦታ በስቶልኛል፣ ቶሎም ዓመድ ይሆናል። 14 ማታ አቆየኝ። 850ን ለ14 ሲያካፍሉት አንዱ ማታ 61 ብር ገደማ ነው። ከፌስታሉ በምን ተሻለ?

ሦስተኛው ከቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል፣ በኢሱዙ ተጭኖ የሚመጣው ነው። 1,400 ብር አሉኝ፣ አንድም ብር አልቀነሱም። ላልፈው ነበር። የሚሸጠው ልጅ ግን ሁለት ከሰል አንስቶ እርስ በርስ ሲያጋጫቸው እንደ ብረት ጮኹ። የግራር ከሰል እንዲህ ነው፣ ይከብዳል፣ ሲሰበር ስብራቱ ያብለጨልጫል። አንዴ ተሸውጃለሁና «ታቹን ካላየሁ አልገዛም» አልኩት። «ገልብጪው እህቴ፣ መልሰን እንሞላዋለን» አለኝ፣ ራሱ ገለበጠልኝም። ብናኝ አለው፣ ብናኝ የሌለው ከሰል የለም፣ ግን ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። 36 ኪሎ መዝኖ 33ቱ ንጹህ። ለመያያዝ ያስቸግራል፣ ማራገቢያና ትዕግስት ይፈልጋል፣ አንዴ ከፈመ ግን አንድ ጊዜ ሞልቼው እስከ መኝታ ሰዓቴ ይቆያል። 30 ማታ። በማታ 47 ብር አይሞላም። 550 ብር ጨምሬ የገዛሁት በማታ 14 ብር አተረፈኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ከደብረ ሲና በታች መንገድ ዳር አንዲት እናት ተመሳሳዩን ግራር 1,000 ብር አሉኝ። እንዴት ጓጓሁ መሰላችሁ! ግን የሚኒባሱ ረዳት ለጣሪያው 150 ጠራ፣ ከመናኸሪያ ቤት የሚያደርስልኝ ተሸካሚ ሌላ ብር ይፈልጋል፣ ሹፌሩም «ኬላ ላይ ቢያዝ የራስሽ ጉዳይ ነው» ብሎ አስፈራራኝ። ተውኩት። የራሱ መኪናና ፈቃድ ላለው ሰው ግን የጣርማ በርን ዳገት መውጣቱ ያዋጣዋል። ከሰል ወደ ቆላ በወረዱ ቁጥር ይረክሳል፣ የሚያስወድደው ትራንስፖርቱ ነው። ክረምት ላይማ ጭራሽ አይነካም፣ ይረጥባል፣ ይወደዳል። የሚችል ሰው ግንቦት ላይ ገዝቶ ደረቅ ቦታ ያስቀምጥ።

እዚሁ ቅርባችን ሙሽ ላይ የድንጋይ ከሰል አለ አይደል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ፣ ግን እሱ የፋብሪካ ነገር ነው፣ ጢስ ማውጫ በሌለው ክፍል ምድጃ ላይ የሚጨመር አይደለም።

ስለ ምድጃ ካነሳሁ አይቀር፣ ቆርቆሮውን ትቼ ላቀች ገዝቻለሁ፣ ውስጡ ሸክላ የሆነውን። ከቆርቆሮው ሲነጻጸር የከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል ይባላል፣ የእኔም ደብተር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ችግሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ከሥራ በርዶኝ ስገባ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ትረዝምብኛለች።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ማታ ስንፍና ይዞኝ መስኮቱን ሳልከፍት ተቀመጥኩ። ከሰሉ በደንብ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ራሴን ወጋ አደረገኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ልነሳ ስል ቤቱ ዞረብኝ። እንደምንም በሩን ከፍቼ ደጅ ተቀመጥኩ፣ ያን ብርድ ያን ቀን አልጠላሁትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላም ይወጣል። «ደጅ አቀጣጥለሽ ጭሱ ሲያልቅ አስገቢው» የሚለው ምክር ለጭሱ እንጂ ለጋዙ አይሠራም። ጨው ነስንሺበት የሚሉም አሉ፣ ጨው ምንም አያደርገውም። አሁን መስኮቴን አራት ጣት ያህል ከፍቼ ነው የምሞቀው፣ ስተኛ ደግሞ ምድጃውን ከነፍሙ ደጅ አወጣለሁ። ሙቀቱ ይባክናል፣ ይባክን።

ኢሱዙውን ከአስር ስምንት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት የሚመጣበት ቀን ስለማይታወቅና እስከ ቤት ስለማያደርሱ ነው። ልጁ ባዶ ማዳበሪያ ይዤ ከመጣሁ 30 ብር እቀንሳለሁ ብሎኛል። ብናኙን ጎረቤቴ ወስዳ ከኩበት ጋር እየለወሰች ታደርቀዋለች፣ እኛም እንሞክረዋለን። ቅዳሜ ከመጣ ሁለት ማዳበሪያ እንይዛለን፣ አንዱ የእሷ። ታኅሣሥ ገና አልገባም።