ሞተሬን ሞተር ያደረጋት ጂግለር ነው

ስለ መልኳ ብዙ አልጽፍም። ክብ የፊት መብራት፣ ሞላ ያለ የቤንዚን ታንክ፣ ባለ ሽቦ ጎማ፣ በእግር የሚመታ ማስነሻ አላት። አባቶቻችን ፎቶ ሲነሱ የሚደገፏት ዓይነት ሞተር ናት፤ የተሠራችው ግን በቅርቡ ነው። ጎንደር ፒያሳ ባቆምኳት ቁጥር አንዱ ጠጋ ብሎ «ስንት ገዛሃት?» ይለኛል። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ዛሬ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ጥፍሬን የማታክል አንዲት የናስ ብሎን፣ ጂግለር የምትባለዋ፣ ናት።

ሞተሯን የገዛኋት ክረምት ሳይገባ ነው። አሁን ጥምቀት አልፏል። በመሃሉ ግቢያችን ውስጥ፣ ከእናቴ የልብስ ማድረቂያ ገመድ ሥር፣ ያልነካካሁት ቦታ የለም። ወንበሩን አውልቄ ጠፍጣፋ አሠራሁ። የኋላውን ፓራፋንጎ (ጭቃ መከላከያ) አሳጠርኩ። መሪውን ዝቅ አድርጌ መስታወቶቹን ጫፉ ላይ አሰርኩ። ሁሉም ጥሩ ነው፣ አንዳቸውም አላስቸገሩኝም፣ ስለዚህ እንለፋቸው።

ያስቸገረኝ ዳገቱ ነው። ጎንደርን የሚያውቅ ያውቃል፤ ሜዳ የሚባል ነገር ብዙም የላትም። ወደ ጎሃ የሚወጣውን መንገድ ስጀምር ሞተሯ እስከ ግማሽ ትሄድና ትንተባተባለች። ነዳጅ ስጨምርላት ጉልበት መስጠት ሲገባት ጭራሽ ትታፈናለች። ማርሽ ቀንሼ፣ ወገቤን ወደ ፊት ገፍቼ፣ እንደምንም ጫፍ እደርሳለሁ። ሰው የጫነ ባጃጅ እየተንደቀደቀ ሲያልፈኝ ምን እንደሚሰማ ባለሞተር ብቻ ነው የሚያውቀው። ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፈትቼ ሳየው ጥቀርሻ ለብሷል። ጠርጌ እመልሰዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጥቁር።

ሻጩ ጋ ሄድኩ። «ገና ሮዳጅ ላይ ናት፣ አትቸኩል» አለኝ። ሮዳጅ ማለት አዲስ ሞተር በቀስታ እየተነዳ የሚላመድበት ጊዜ ነው። እሺ ብዬ ጠበቅኩ። ሮዳጁ አለቀ፤ ዘይት ቀየርኩ፤ ያው ናት። ሁለተኛ ስሄድ ጥፋቱ ወደ ቤንዚኑ ዞረ። «በሀይላንድ የሚሸጠውን ቀድተህ ይሆናል» አለ። ወንድሜ፣ ማደያው ሲደርቅ በምን ልሂድ? ደግሞ በሀይላንድም ቀዳሁ፣ ከማደያም ቀዳሁ፣ ካንዴላዋ ለሁለቱም እኩል ነው የጠቆረችው። በሦስተኛው «ማርሚታውን አስከፍተው፣ ትተነፍሳለች» አለኝ። ማርሚታ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው ነው። ይኼ ምክር ከተማው ውስጥ የምትሰሙት የዚያ ሁሉ ጩኸት ምንጭ ነው። ሰው ማርሚታውን ያስቆርጣል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ የጮኸ ሁሉ የፈጠነ ይመስለዋል። አላስነካሁም። ከቤታችን አጠገብ ሕፃናት የሚተኙበት ቤት አለ።

መልሱን ያገኘሁት አዘዞ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። ካንዴላውን ፈቱት፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ አሸተቱት። «ልጄ፣ ይቺ ቤንዚን በዝቶባት ነው የምትታነቀው። ጂግለሯን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አላየሁም ጋሼ፣ አዲስ ናት ብዬ ነው እንጂ።»

«አዲስ ብትሆንስ? የተለካችው ለዚህ አገር አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት የናስ ብሎን አለች፤ ጂግለር የምንላት። የኔዋ ላይ 100 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ይህም ቀዳዳዋ ከዳር እስከ ዳር 1 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ይህች ልክ ለባሕር ጠረፍ አካባቢ ከተማ ደህና ናት። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራቶር ደግሞ ከፍታ አያውቅም። የቤንዚኑን መጠን እንደ አየሩ መሳሳት አይቀንሰውም። አየሩ አነሰ፣ ቤንዚኑ በዛ፤ ምድጃ ውስጥ ማገዶ ጠቅጥቀው መተንፈሻ ሲያሳጡት የሚሆነው ሆነ። ጭስ እንጂ ነበልባል የለም። ዳገት ላይ የሚብሰው ነዳጅ መስጫው ብዙ ሲከፈት ዋናዋ ጂግለር ሥራውን ስለምትረከብ ነው። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ችግሩ ላይታየው ይችላል፤ ሻጩም የሚያስሞክራችሁ ሱቁ ፊት ለፊት ነው።

መካኒኩ ለሙከራ ያደረጉትን ሳልናገር አላልፍም። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ከፀጉር የወፈረች አንዲት የመዳብ ክር መዘዙ። ክሯን በጂግለሯ ቀዳዳ አሳልፈው ጫፏን ቆለመሙና መልሰው አሰሩ። ቀዳዳው ጠበበ ማለት ነው። «ለማየት ያህል ነው፣ በዚህ እንዳትለምድ፤ ብትወልቅ ችግር ነው» አሉኝ። ወደ ከተማ ስመለስ ሞተሯ ሌላ ሞተር ሆነች። እውነቴን ነው፣ የሰው ሞተር ይዤ የመጣሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ውስጥ ልኩን አጥቼ አዲስ አበባ ላለ ዘመዴ ደወልኩ። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ገብቶ 95 እና 92 ቁጥር ያላቸውን ልኮልኛል። ዋጋቸውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ከመስታወቶቹ የአንዱን ሩብ አያወጡም። ከ100 ወደ 95 መውረድ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቤንዚኑ የሚያልፍበትን የቀዳዳውን የክብ ስፋት (ዲያሜትሩን ሳይሆን) ወደ አሥር በመቶ ይቀንሰዋል፤ ለእኛ ከፍታም የሚያስፈልገው ቅነሳ በግምት ያው ነው። 95ቱን አስገባሁ።

ሥራው ቤት የሚሠራ ነው። ሩቢኔቱን (የቤንዚኑን መዝጊያ) ዝጉ። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ሳህን ከመፍታታችሁ በፊት የቀረውን ቤንዚን ጣሳ ላይ አፍስሱት። ሳህኗ ስትወርድ ጂግለሯ መሃል ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ ትታያለች። ካቻቢቴው ስንጥቋን በደንብ የሚሞላ ይሁን፤ ናስ ለስላሳ ነው፣ ቀጭን ካቻቢቴ ከንፈሯን ይበላዋል። ስትመልሷት በጣት አስጀምሩ፣ ከያዘች በኋላ ትንሽ ብቻ አጥብቁ። የሳህኗን ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ከቦታው እንዳይወጣ እዩት፤ ከተቆነጠጠ ሌሊቱን ሙሉ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛችሁን ደግሞ ከግቢ አስወጡት፤ የኔው «ዝም ብዬ ነው የማየው» እያለ ክብሪት ሊጭር ነበር። መጨረሻ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞዋን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ የምትዞርበትን ፍጥነት፣ አስተካክሉ።

አሁን ጎሃን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወጣው። ካንዴላዋ ቡናማ ሆናለች፤ መሆን ያለባትም እንዲያ ነው። ቤንዚኑም ይበረክታል፣ የማደያ ሰልፍ የምይዝበት ቀን ተራርቆልኛል። ለዚህ ብቻ እንኳ ጂግለሯ ገንዘቧን መልሳለች።

ወደ ቆላ ለምትወርዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ጂግለር መተማ መውረድ አይገባም። እዚያ ከፍታው ስለሚቀንስ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። ሙቀቱ ላይ ሙቀት ነው። የኔዋ በአየር ብቻ የምትቀዘቅዝ ስለሆነች 100ዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ከወንበሩ ሥር አስቀምጫታለሁ። በተቃራኒው ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ስለሚጠጋ 92ቷ ለዚያ ትሆናለች ብዬ ነው የያዝኳት።

«ታዲያ በካርቡራቶር ፈንታ ኢንጄክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ ለክቶ የሚረጭ) ያለው ብትገዛ ኖሮ?» የምትሉ አላችሁ። አዎ፣ እሱ በሴንሰር ራሱን ያስተካክላል። ሲበላሽ ግን ጎንደር ውስጥ ማን ይከፍትልኛል? የኔዋ ሞተር ሆንዳ በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው የሲጂ 125 ዘር ናት። ቫልቮቿን በዘንግ የምትገፋ፣ ጥገና በማይበዛበት አገር እንድትኖር ታስባ የተሠራች፣ ቻይኖች በየፋብሪካቸው የቀዷት ናት። የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። እኔም ቢሆን ዓይኔን ገልጬ ልፈታታት የምችለው እሷን ነው።

የምከፋው በሻጮቹ ነው። ሱቁ ውስጥ ባለ ቀለም መስታወት አለ፣ የሚያብለጨልጭ መብራት አለ፣ የመሪ መጨበጫ በአምስት ቀለም አለ። ጂግለር ግን የለም። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ባለካርቡራቶር ሞተር የሚሸጥ ሁሉ መጀመሪያ ማምጣት የነበረበት እሷን ነው። «ለአገራችን ተስማሚ» ብለው ባነር ይሰቅላሉ። ለየትኛው አገራችን? አገራችን ውስጥ መተማም አለ፣ ደባርቅም አለ።

የክረምቱ ዝናብ የማብሪያ ገመዶቿን አንዴ አስቸግሯል፤ መገጣጠሚያዎቹን ግራሶ ቀብቼ ተገላገልኩ። የፊት ፍሬኗ ከበሮ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይለሰልሳል፣ ስለዚህ በማርሽ ይዤ ነው የምወርደው። ወደ ዲስክ ልቀይረው እያሰብኩ ነው፣ ግን የፊት ሹካውንም ማስቀየር ስለሚጠይቅ ብሩን እያጠራቀምኩ ነው።

ፒያሳ ላይ ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው፤ ግዟት። ስትገዙ ግን ወንበሩንና መስታወቱን ተዉትና ሻጩን የጂግለሯን ቁጥር ጠይቁት። ካላወቀው ዋጋ አስቀንሱት።