ስናፐርን ዘጠኝ ወር ተጠቀምኩበት፦ ከራሴ እጅ አዳነኝ፣ ከዲስኩ ግን አያድነኝም

ላፕቶፔ ላይ ኦፕንሱሴ ተምብልዊድ የሚባለውን ሊኑክስ ከጫንኩ ዘጠኝ ወር አለፈ። ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት) ቢቲአርኤፍኤስ ነው፤ ስናፕሾት፣ ማለትም ፋይሎቹ በዚያች ሰዓት የነበሩበትን ሁኔታ፣ የሚያነሳው ስናፐርም አብሮ ተጭኖ ነው የሚመጣው። የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፦ /ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ኮንፊግ (የሲስተሙ ማስተካከያ) ፋይሎች ነካክቼ ሳበላሽ መመለሻ እንዳላጣ። ድሮ ፋይሉን ኮፒ አድርጌ "ኦልድ"፣ "ኦልድ2"፣ "የመጨረሻው ኦልድ" እያልኩ ነበር የማስቀምጠው። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም እግዜር ይወቀው።

ስናፕሾት ሲነሳ ምንም ፋይል አይገለበጥም። የነበረው ዳታ ባለበት ይቀራል፣ አዲስ የሚጻፈው ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ስለዚህ ማንሳቱ ቶሎ ያልቃል፣ መጀመሪያ ላይም ቦታ አይበላም ማለት ይቻላል።

ጥቅሙ የገባኝ በሦስተኛው ወር ነው። አንድ ማታ አዲስ ዲስክ ልጨምር ብዬ ኤፍስታብን (የዲስኮቹ ዝርዝር ያለበትን የ/ኢቲሲ ፋይል) ስነካካ ዩዩአይዲው (የዲስኩ መለያ ቁጥር) ላይ አንድ ፊደል ሳትኩ። ጠዋት ማሽኑ ኢመርጀንሲ ሞድ (ሲስተሙ በትክክል መነሳት ሲያቅተው የሚገባበት የጥገና ሁኔታ) ላይ ቆሞ አፈጠጠብኝ። ደግነቱ ስናፕሾቶቹ ተራ ፎልደር ሆነው ነው የሚታዩት፤ የሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ፓስወርዴን አስገብቼ 41ኛው ስናፕሾት ውስጥ ገባሁና የትናንቱን ኤፍስታብ ገልብጬ መለስኩት። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ተነሳልኝ።

ለውጥን የሚቀለብስ "አንዱቼንጅ" የሚለው የስናፐር ትዕዛዝም አለ፣ ግን ተጠንቀቁ። የፋይሉን ስም ካልጻፋችሁለት በሁለቱ ስናፕሾቶች መካከል የተለወጠውን ሁሉ ነው የሚመልሰው። አንዴ ፕሮግራሞቼን ሁሉ ወደ ኋላ ወስዶብኛል።

ያናደደኝ ነገር /ኢቲሲን ብቻውን ማንሳት አለመቻሉ ነው። ስናፕሾት የሚነሳው በሰብቮሊዩም (ፋይል ሲስተሙ በሚከፋፈልባቸው ክፍሎች) ነው፣ /ኢቲሲ ደግሞ ከሩት (ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ ካሉበት ዋናው ክፍል) ጋር አንድ ላይ ነው። ልለየው አስቤ ነበር፤ ግን ሲስተሙ ሲነሳ ምን የት እንደሚገናኝ የሚነግረው ኤፍስታብ ራሱ እዚያው ውስጥ ስላለ ራስ ምታት ነው፣ ተውኩት። ውጤቱ? ለጥቂት ሜጋባይት ኮንፊግ ስል የድሮ ፓኬጆችን (የፕሮግራም ፋይሎችን) ሁሉ ተሸክሜ መኖር። በየሰዓቱ እንዲያነሳ ከፍቼው ስለነበር፣ ወርሃዊዎቹም 10 ድረስ ስለሚቆዩ፣ ተምብልዊድም ዝመናው ስለማያልቅ፣ 40 ጊጋባይቱ ሩት ሞላ። ፋይል ባጠፋም ቦታው አይመለስም፣ ስናፕሾቱ ይዞታላ! አሁን የሚቆዩትን ስናፕሾቶች ብዛት የሰዓቱን 5፣ የቀኑን 7 አድርጌ የወሩንና የዓመቱን ዜሮ አድርጌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ይሄን ባክአፕ ነው የሚላችሁን ሰው ግን አትስሙት። ዲስኩ ከሞተ ስናፕሾቶቹም አብረው ይሞታሉ። እኔ እሁድ እሁድ /ኢቲሲን በታር (ፋይሎችን አንድ ላይ በሚጠቀልል ፕሮግራም) ጠቅልዬ፣ የፓስወርድ ፋይሎችም ስላሉበት ኢንክሪፕት አድርጌ (በሚስጥር ቁልፍ ቆልፌ) ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ፍላሹ መጀመሪያ የላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ቦርሳውን ታክሲ ውስጥ ረስቼ ስወርድ ረዳቱ ጠርቶ ሰጠኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።